የአረንጓዴ ሕንፃዎች ተስፋና የቆጣሪው ምስክርነት

በአሜሪካ ትላልቅ ከተሞች ወደ አዳዲስ የቢሮ ሕንፃዎች የሚገባ ሰው በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ክብ የመስታወት ሰሌዳ ተሰቅሎ ያያል። በሰሌዳው ላይ የቅጠል ምስልና ሕንፃው ያገኘው ማዕረግ ተቀርጸዋል። ሰሌዳው ሕንፃው ከመሰሎቹ ያነሰ ኃይልና ውሃ እንዲፈጅ ተደርጎ መነደፉን ይመሰክራል። በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ግን ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱም የኤሌክትሪኩ፣ የጋዙና የውሃው ቆጣሪ ነው። ሰሌዳው የሚሰጠው በሥዕልና በስሌት ላይ ተመሥርቶ፣ ሰው ገብቶ ሳይሠራበት ነው። ቆጣሪው መናገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ምስክሮች ለብዙ ዓመታት ፊት ለፊት ሳይገናኙ ኖረዋል። እንዴት ተራርቀው እንደ ቆዩና በመጨረሻ ምን እንዳገናኛቸው የሚያስረዳው ታሪክ ነዳፊውንም፣ መሐንዲሱንም፣ አስገንቢውንም የሚነካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ዘይት ነው። በጥቅምት ወር 1973 የዓረብ ዘይት አምራች አገሮች ለአሜሪካና እስራኤልን ደግፈዋል ላሏቸው ሌሎች መንግሥታት ዘይት መሸጥ ባቆሙ ጊዜ፣ 3 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት በኒውዮርክና በቺካጎ የቆሙት የመስታወት ፎቆች፣ ኃይል ምንጊዜም ርካሽ ሆኖ ይኖራል በሚል እምነት የታነጹ ነበሩ። መስኮታቸው አይከፈትም፤ ግድግዳቸው ስስ መስታወት ነው፤ በብርድ ወራት ሙቀቱ፣ በሙቀት ወራት ቅዝቃዜው የሚመጣው ከመሣሪያ ነው። የዘይቱ ዋጋ ሲንር የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተላለፊያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ አሽሬ የሚባለው፣ በ1975 ለአዳዲስ ሕንፃዎች የኃይል ቁጠባ ደንብ አወጣ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛትም በ1974 የኃይል ኮሚሽን አቋቁማ፣ በ1978 የራሷን የሕንፃ ኃይል ደንብ ሥራ ላይ አዋለች።

የመጀመሪያው ትምህርት የተገኘው ወዲያውኑ ነበር፤ ትምህርቱም መራራ ነበር። ከውጭ የሚገባውን አየር ማሞቅም ሆነ ማቀዝቀዝ ኃይል ስለሚፈጅ፣ ቁጠባ ፈላጊዎች የአየሩን መጠን ቀነሱት። በ1981 የወጣው የአሽሬ የአየር ደንብ ሲጋራ ለማይጨስበት ቢሮ ለአንድ ሰው በሰከንድ 2.5 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ይበቃል አለ። ብዙ ሳይቆይ የራስ ምታት፣ የዓይን መቆጥቆጥና የድካም ስሜት ከሠራተኞች ዘንድ በብዛት ይሰማ ጀመር፤ «የታመመ ሕንፃ» የሚባል ስያሜም ተፈጠረ። በ1989 ደንቡ ተሻሽሎ መጠኑ ለቢሮ ወደ 10 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ወደ አራት እጥፍ፣ ከፍ አለ። በመዝገብ ላይ ቁጠባ ሆኖ የተጻፈው ነገር፣ ሌላው ቀርቶ፣ ከሠራተኛው ሳንባ የተወሰደ ነበር ማለት ነው። የዘይት ዋጋ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲወድቅ የቁጠባውም ትጋት አብሮ ቀዘቀዘ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1979 በዋይት ሐውስ ጣሪያ ላይ ያስተከሏቸው በፀሐይ ውሃ የሚያሞቁ ሰሌዳዎች በ1986 ወርደው ዳግመኛ አልተመለሱም።

«አረንጓዴ ሕንፃ» የሚለው ሐሳብ መልክ ይዞ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1990 የብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ተቋም ብሪያም የተባለውን የመመዘኛ ዘዴ አወጣ። በአሜሪካ በ1993 የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ተመሠረተ፤ ይኸው ምክር ቤት በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻረ ቃል ሊድ የሚባለውን መመዘኛ በ1998 በሙከራ መልክ፣ በ2000 ደግሞ ለሁሉ ክፍት አድርጎ አቀረበ። በሁለተኛው የሊድ እትም አንድ ሕንፃ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 69 ነበር። 26 ያገኘ የምስክር ወረቀት፣ 33 ያገኘ የብር፣ 39 ያገኘ የወርቅ፣ 52 ያገኘ የፕላቲኒየም ማዕረግ ይሰጠው ነበር። ነጥቡ የሚሰበሰበው ከብዙ ነገር ነው። ለብስክሌት ማቆሚያ ነጥብ አለ፤ በአቅራቢያ ለተመረተ የግንባታ ዕቃ ነጥብ አለ፤ ለኃይል ቁጠባም ነጥብ አለ። መሟላት ያለበት ዝቅተኛ ግዴታ ቢኖርም፣ ከኃይል ቁጠባ ክፍል ቢያንስ ሁለት ነጥብ ማግኘት የግድ የሆነው ግን በ2007 ነው። ከዚያ በፊት በሌላው ነጥብ ሸፍኖ ማዕረግ መያዝ ይቻል ነበር።

የኃይል ነጥቡ የሚሰላበትም መንገድ ሊጤን ይገባዋል። ነዳፊው ሕንፃውን በኮምፒዩተር ይሠራል፤ አጠገቡም ስፋቱና ጥቅሙ ተመሳሳይ የሆነ፣ ደንቡ የሚጠይቀውን ብቻ የሚያሟላ ሌላ ሕንፃ በሐሳብ ያቆማል። ከዚያም የሁለቱን ፍጆታ አሰልቶ ልዩነቱን በመቶኛ ያሳያል። ስለዚህ 30 በመቶ ቁጠባ ሲባል፣ ገና ሰው ያልገባበት ሕንፃ ፈጽሞ ከማይሠራ ሕንፃ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ ማለት ነው። በስሌቱ ውስጥ መብራቱ ማታ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ቫልቩ አይጣበቅም፤ የጽዳት ሠራተኞች እስከ እኩለ ሌሊት አያመሹም። ስሌቱ ንድፍን ከንድፍ ለማወዳደር እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑ አይካድም። ችግሩ የመጣው ለንጽጽር የተሠራው ቁጥር ለባለቤቱ እንደ ትንቢት ሲነገር ነው።

ይህንን ከማንም አስቀድመው በሥርዓት የመረመሩት ብሪታንያውያን ናቸው። ከ1995 እስከ 2002 በቆየውና ፕሮብ በተባለው የጥናት መርሐ ግብር፣ ቢል ቦርዳስ፣ ኤድሪያን ሊማንና ባልደረቦቻቸው በዘመኑ የተወደሱ 20 ያህል ሕንፃዎችን ሰው ከገባባቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየሄዱ መረመሩ፤ ቆጣሪ አነበቡ፤ ሠራተኞቹንም ጠየቁ። ውጤቱ በመሐንዲሶቹ የሙያ መጽሔት የሕንፃዎቹ ስም ሳይደበቅ ታተመ። ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለውን ድፍረት የሚያሳይ የሙያ መጽሔት ብዙ አይደለም። ከተገኘው ሁሉ አስደንጋጩ፣ እውነተኛው ፍጆታ በንድፉ ከተገመተው ብዙ ጊዜ እጥፍ ያህል መሆኑ ነበር። ምክንያቱ አንድ ትልቅ ጥፋት አይደለም። ለጥበቃው ሰው ግራ የሚያጋባ መቆጣጠሪያ፣ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድር ማራገቢያ፣ በግምቱ ውስጥ ጭራሽ ያልተቆጠሩ ኮምፒዩተሮችና የወጥ ቤት መሣሪያዎች ናቸው። በኖርዊች ከተማ የሚገኘውና በ1995 የተከፈተው የኤሊዛቤት ፍራይ ሕንፃ ግን ከተመረመሩት ሁሉ ልቆ ተገኘ። ይህ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ለዓይን የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ግድግዳው በደንብ ተሸፍኗል፤ ንፋስ አያስገባም፤ አየሩ በሲሚንቶው ወለል ውስጥ ባሉ ባዶ ቦዮች እያለፈ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከተከፈተ በኋላ ፍጆታውን የሚከታተሉና መቆጣጠሪያውን የሚያስተካክሉ ሰዎች ነበሩት፤ በዚህም የተነሣ የማሞቂያ ፍጆታው ከመጀመሪያው ዓመት ይልቅ በተከታዮቹ ቀነሰ።

በአሜሪካ ክርክሩን የቀሰቀሰው በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኦበርሊን ኮሌጅ የተሠራ አንድ መለስተኛ ሕንፃ ነው። የአካባቢ ጥናት መምህሩ ዴቪድ ኦር ሐሳቡን አመንጭተው፣ አርክቴክቱ ዊልያም ማክዶኖ ነድፈውት፣ የአዳም ጆሴፍ ሉዊስ ማዕከል በ2000 መጀመሪያ ተከፈተ። ስፋቱ 1,260 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ቆሻሻ ውሃውን በዕፅዋት ገንዳዎች አጣርቶ መልሶ ለመጸዳጃ ያውላል፤ ሙቀቱን ከመሬት ውስጥ ይስባል፤ በጣሪያው ላይም 60 ኪሎዋት ገደማ የሚያመነጩ የፀሐይ ሰሌዳዎች ተተክለውለታል። የተነገረለት ተስፋ ታላቅ ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ከሚፈጀው የበለጠ ኃይል ያመነጫል ተባለ።

በዚያው ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጆን ስኮፊልድ ግን ከቢሯቸው ብዙም ሳይርቅ የቆመውን ሕንፃ ቆጣሪ ማንበብ ጀመሩ። በ2002 በአሽሬ የጥናት መድበል ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕንፃው ከተባለለት በጣም የበለጠ እንደሚፈጅ አሳዩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከመሬት የሚሳበውን ሙቀት እንዲያግዝ የገባው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር፤ በብርድ ወራት ይህ መሣሪያ ብቻውን ከፍተኛ ድርሻ ይወስድ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ባለሙያዎችም ሕንፃውን ለብቻቸው ሲለኩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጣሪያው ሰሌዳዎች ከሕንፃው ፍጆታ የሸፈኑት ከግማሽ በታች ሆኖ አገኙት። ሰኮፊልድ በባልደረቦቻቸው ዘንድ የተወደደ ሥራ አልሠሩም ማለት ይቻላል። ሆኖም ልኬቱ ባይታወቅ ኖሮ ማስተካከያውም ባልመጣ ነበር። የማሞቂያው አሠራር ተለወጠ፤ በ2006 ደግሞ በመኪና ማቆሚያው ላይ 100 ኪሎዋት የሚያመነጩ ተጨማሪ ሰሌዳዎች ተተከሉ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው በዓመት ከሚወስደው የበለጠ መስጠት ቻለ። ተስፋው ተፈጸመ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የተፈጸመው ግን ዘግይቶና ሰሌዳዎቹ ከመጀመሪያው ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጉ ጥቂት ሲቀራቸው ነው።

አንድ ሕንፃ አንድ ሕንፃ ነው፤ ስለ ሁሉም ለመናገር አይበቃም። ስለ ብዙዎቹ የተናገረው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት በመጋቢት 2008 ወጣ። እስከ 2006 መጨረሻ የሊድን ማዕረግ ካገኙት 552 አዳዲስ ሕንፃዎች መካከል የአንድ ሙሉ ዓመት የፍጆታ መረጃ የሰጡት 121 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ የቢሮና መሰል ሕንፃዎች መካከለኛው ፍጆታ በካሬ ሜትር በዓመት 218 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የአገሪቱ ሕንፃዎች አማካይ 287 ያህል ነበር። በዚህም መሠረት አረንጓዴዎቹ 24 በመቶ ይቆጥባሉ ተባለ፤ ዜናውም በሰፊው ተናኘ። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ብዙ ያልተወራ ነገር ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሕንፃዎች በንድፍ ጊዜ ከተገመተላቸው ከ25 በመቶ በላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ርቀው ተገኝተዋል።

ተቺዎቹ ሦስት ነገር አነሡ። መረጃ የሰጠው ፈቃደኛ የሆነው ብቻ ነው፤ የወደቀ ተማሪ ደግሞ የፈተና ውጤቱን ለአባቱ ለማሳየት አይቸኩልም። ሁለተኛ፣ በአንድ ወገን ያለው ቁጥር በመደዳ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ተደምሮ የተካፈለ አማካይ ነው። ጥቂት እጅግ አባካኝ ሕንፃዎች አማካዩን ወደ ላይ ስለሚስቡት፣ ሁለቱን ማወዳደር ፍርድን ያዛባል። ሦስተኛውን ያነሡት እኚያው የኦበርሊኑ ስኮፊልድ ናቸው። ቆጣሪው የሚለካው ሕንፃው ደጃፍ የደረሰውን ኃይል ብቻ ነው። በአሜሪካ በዚያን ጊዜ አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ለቢሮ ለማድረስ በኃይል ማመንጫው ሦስት እጅ ያህል ነዳጅ ይቃጠል ነበር። አረንጓዴዎቹ ሕንፃዎች ደግሞ በኤሌክትሪክ ላይ የበለጠ ስለሚመኩ፣ በደጃፍ የታየው ቁጠባ ከምንጩ ሲሰላ አልተገኘም። (ይህ ሦስተኛው ነጥብ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ለምታገኝ እንደ ኢትዮጵያ ላለች አገር በዚህ መልኩ አይሠራም። የሌላ አገር የቁጠባ ቁጥር እንዳለ ተቀድቶ ሲመጣ መጠንቀቅ የሚያሻውም ለዚህ ነው።)

በ2009 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባለሙያ ጋይ ኒውሻምና ባልደረቦቻቸው ያንኑ መረጃ በሌላ ዘዴ መርምረው፣ አረንጓዴዎቹ በአማካይ ከ18 እስከ 39 በመቶ እንደሚቆጥቡ፣ ነገር ግን ከመቶው ከ28 እስከ 35 የሚሆኑት ከተራዎቹ አቻዎቻቸው የበለጠ እንደሚፈጁ ደረሱበት። ማዕረጉ ከፍ ማለቱም ከፍጆታው ማነስ ጋር የረባ ግንኙነት አልታየበትም። ለአንድ አስገንቢ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ለፕላቲኒየም ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለው ሰው ከብር ባለማዕረጉ የተሻለ ስለመቆጠቡ ማረጋገጫ የለውም ማለት ነውና። ሄንሪ ጊፈርድ የተባሉ የኒውዮርክ የማሞቂያ ባለሙያ በጥቅምት 2010 ምክር ቤቱን ሕዝብን አታሏል ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2011 ከሳሹ በቀጥታ የተጎዱ መሆናቸውን አላሳዩም ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ሕንፃዎቹ ይቆጥባሉ ወይስ አይቆጥቡም የሚለው ጥያቄ ችሎት ፊት ሳይመረመር ቀረ። ምክር ቤቱ በበኩሉ ትችቱን ከቁም ነገር ቆጥሮታል ማለት ያስደፍራል። በ2009 ባወጣው እትም ማዕረግ የሚሻ ሁሉ የአምስት ዓመት የፍጆታ መረጃ እንዲሰጥ ጠይቋል።

ቆጣሪውን በግድ ያስነበበው ግን የኒውዮርክ ከተማ ነው። በታኅሣሥ 2009 በወጣው ሕግ፣ ከ50,000 ካሬ ጫማ ወይም ከ4,600 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሰፉ ሕንፃዎች የኃይልና የውሃ ፍጆታቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ታዘዙ። የ2011 መረጃ በ2012 ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ከተማው ተገረመ። በፌዴራሉ መመዘኛ ከ1 እስከ 100 በሚሰጠው ነጥብ፣ 50 የመካከለኛ ሕንፃ፣ 75ና ከዚያ በላይ የቆጣቢ ሕንፃ ምልክት ነው። በ1930 የተሠራው የክራይስለር ሕንፃ 84 አገኘ። በ1931 የተሠራውና እድሳት ላይ የነበረው ኤምፓየር ስቴት 80 አገኘ። በ2006 የተከፈተውና በከተማይቱ ከቢሮ ሕንፃዎች የሊድን የወርቅ ማዕረግ ቀድሞ የተጎናጸፈው ሰባተኛው የዓለም ንግድ ማዕከል 74 ላይ በአንዲት ነጥብ ቀረ። አርክቴክቶች ሁሉ የሚያደንቁት፣ ሚስ ቫን ደር ሮ የነደፉት የ1958ቱ የሲግራም ሕንፃ ደግሞ 3 አገኘ። ስኮፊልድ በ2013 ያንኑ መረጃ ወስደው 953 የቢሮ ሕንፃዎችን ሲያወዳድሩ፣ ከመካከላቸው 21ዱ የሊድ ማዕረግ ነበራቸው። እነዚህ በጅምላ ከሌሎቹ የተለየ ቁጠባ አላሳዩም። የወርቆቹ ግን 20 በመቶ ያህል ተሽለው ተገኙ፤ ከወርቅ በታች ያሉት ደግሞ ከተራዎቹ ባሱ።

በዚያው ዓመት ትልቅ ወሬ ሆኖ የነበረው የባንክ ኦፍ አሜሪካ ግንብ ጉዳይም ሊታለፍ አይገባውም። ይህ 55 ፎቅ ያለው ሕንፃ ከሰማይ ጠቀሶች የመጀመሪያው የፕላቲኒየም ባለማዕረግ ነበር። በካሬ ጫማ የሚፈጀው ኃይል ግን ከኤምፓየር ስቴት እጥፍ ያህል መሆኑ በጋዜጣ ወጣ። ምክንያቱ አብዛኛው በግድግዳው ውስጥ አይደለም፤ በተከራዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የአክሲዮንና የቦንድ ሻጮች በሚሠሩበት አዳራሽ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እስከ አምስት የሚደርስ የኮምፒዩተር መስኮት ቀንና ሌሊት ይበራል፤ ከእርሱ የሚወጣውን ሙቀት ለማስወገድ ደግሞ ማቀዝቀዣው ይደክማል። የሕንፃው ወገኖችም የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ አቆጣጠሩ እንደሚበድለው ተከራክረዋል፤ ክርክራቸውም መሠረት ነበረው። ነገር ግን ሕንፃው ለምን ሥራ እንደሚውል ከመነሻው የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ማዕረጉ የሥራውን ጠባይ አለመመዘኑ ሊያስተዛዝብ የሚችል ነው።

የውሃው ታሪክ ከኃይሉ ይለያል፤ ይልቁንም መጀመሪያው የከፋ፣ መጨረሻው የተሻለ ነው። በ1992 የወጣው የአሜሪካ የኃይል ሕግ ከጥር 1994 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የመጸዳጃ መቀመጫ በአንድ ጊዜ ከ6 ሊትር በላይ እንዳይለቅ አዘዘ፤ የቀድሞው 13 ሊትር ያህል ይለቅ ነበር። ፋብሪካዎች በችኮላ የገንዳውን ውሃ ብቻ ቀንሰው የሸክላውን ቅርጽ እንደ ነበረ ተዉት። ሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ መልቀቅ ግድ ሆነበት፤ ከካናዳ የድሮውን እየገዛ የሚያስገባም ነበር። በ2003 ግን የአሜሪካና የካናዳ ባለሙያዎች አዲስ የፍተሻ ዘዴ አወጡ። ከተፈጨ አኩሪ አተር የተሠራ ሊጥ በግራም እየተመዘነ ወደ መቀመጫው ይጣላል፤ በአንድ ልቀት ስንት ግራም ጠርጎ እንደሚወስድ ይመዘገባል፤ የየፋብሪካው ውጤትም ለሕዝብ ይገለጻል። ሊጡ ያስቃል፤ ሥራውን ግን ሠራ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደካሞቹ ከገበያ ወጡ፤ በኋላ የመንግሥቱን የውሃ ቁጠባ ምልክት ለማግኘት በ4.8 ሊትር 350 ግራም ጠርጎ መውሰድ ግዴታ ሆነ። በ1999ና በ2016 የወጡ ሁለት የመኖሪያ ቤት ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ የአንድ ቤተሰብ የቤት ውስጥ ፍጆታ በቀን ከ670 ሊትር ወደ 522 ሊትር ገደማ፣ ማለትም በ22 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ የተፈተነው እውነተኛው ዕቃ በእውነተኛ ሸክም ነው፤ ቁጠባውም በነዋሪው ትጋት ላይ አልተንጠለጠለም።

ይህም ቢሆን ያለ ዕዳ አልመጣም። የቧንቧው ስፋት ብዙ ቦታ የሚሰላው ሮይ ሀንተር የተባሉ አሜሪካዊ ባለሙያ በ1940 ባወጡት ዘዴ ላይ በተመሠረቱ ሰንጠረዦች ነው። ያ ዘዴ የተሠራው ብዙ ውሃ ለሚለቁ ዕቃዎች ነበር። በሰፊ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሲሄድ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ይሰነብታል፤ ክሎሪኑ ይሞታል፤ ለሳንባ ምች የሚዳርገው የሌጅዮኔላ ባክቴሪያ ምቹ ስፍራ ያገኛል። የ1981ዱ የአየር ደንብ ጉዳይ በውሃ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከሰሌዳው ይልቅ በቆጣሪው ላይ ተስፋን የመሠረቱ አሠራሮችም አሉ። በአውስትራሊያ በ1990ዎቹ ማብቂያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ተጀምሮ በኋላ ናበርስ የተባለው መመዘኛ ኮከብ የሚሰጠው የአሥራ ሁለት ወር ቆጣሪ ከተነበበ በኋላ ነው። አስገንቢው ገና ከመነሻው ይህን ያህል ኮከብ አገኛለሁ ብሎ በውል ሊፈርም ይችላል፤ ከፈረመ ግን ሕንፃው ሰው ገብቶበት እስኪለካ ድረስ ከቃሉ አይፈታም። የባለቤቱ ፍጆታና የተከራዩ ፍጆታ ለየብቻ ስለሚለካም፣ በኒውዮርክ የተነሣው ዓይነት ክርክር እዚያ ቦታ የለውም። ከ2010 ወዲህ ሰፊ ቢሮ የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሁሉ ኮከቡን የመግለጽ የሕግ ግዴታ አለበት። የኤምፓየር ስቴት እድሳትም የተመራው በዚህ መንፈስ ነው። 6,514ቱ መስኮቶች እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተፈትተው እንደገና ተሠሩ፤ በጠቅላላው 38 በመቶ ቁጠባ ታቀደ፤ ሥራ ተቋራጩም ቁጠባው ከዋስትናው ቢያንስ ልዩነቱን ሊከፍል ፈረመ። ባለቤቶቹ ባወጡት ዘገባ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተለካው ቁጠባ ከዋስትናው በልጦ ተገኝቷል።

የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት በሚያዝያ 2019 አንድ ርምጃ ገፍቶ፣ ከ25,000 ካሬ ጫማ የሚሰፉ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የጋዝ ልቀታቸው ከተወሰነ ጣራ እንዳያልፍ፣ ጣራውም ከ2030 ጀምሮ እንዲጠብቅ ደነገገ። ጣራውን ያለፈ ባለቤት ለእያንዳንዱ ትርፍ ቶን በዓመት 268 ዶላር ይቀጣል። ስሌቱ የሚነሣው ከኤሌክትሪክ፣ ከጋዝና ከእንፋሎት ቆጣሪ ነው፤ በመግቢያው አዳራሽ የተሰቀለው ክብ ሰሌዳ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም።